የስፌት ልምምዴ፦ ከጫማ ክር እስከ በግ ቆዳ

የሕክምና ኢንተርንሺፕ (የሆስፒታል ተግባር ልምምድ) ሳይጀመር እጄን ላፍታታ ብዬ የቁስል ስፌት መለማመድ ከያዝኩ ሰነባበትኩ። ውድ ሞዴል (ለስፌት መለማመጃ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ) እስኪገኝ ለምትጠብቁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መርፌ ከመንካቴ በፊት የያዝኩት የጫማ ክር ነው። ነጭና ጥቁር ክር ጫፍ ለጫፍ ቀጥዬ በር እጀታ ላይ እቋጥራለሁ። በትክክለኛው ስኩዌር ኖት (ሁለቱ ዙሮች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚታሰሩበት ቋጠሮ) እያንዳንዱ ቀለም በገባበት በኩል ተመልሶ ይወጣል፣ ቋጠሮውም ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ግራኒ ኖት (ሁለቱም ዙር በአንድ አቅጣጫ ሲታሰር የሚመጣው የተሳሳተ ቋጠሮ) ከሆነ ግን ጫፎቹ ወደ ጎን ይቆማሉ፤ እሱ ደግሞ ሲሳብ ይንሸራተታል። ከቁስል መስፊያ ክሮች ሲልክ የተገመደ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ናይለን ግን ወጥና ልሙጥ ነው፤ ተጨማሪ ዙር ካልታሰረበት ይፈታል። በሲልክ ብቻ የተለማመደ ሰው ናይለን የያዘ ቀን ጉድ ይፈላል።

ቀጥሎ የፍራሽ ስፖንጅ። ርካሽ ነው፣ ክሩን ሲያጠብቁበት ይበጣጠሳል። እኔ ይሄን ጠባዩን ወድጄዋለሁ፤ የቁስሉ አፍ መገጣጠም እንጂ መታነቅ እንደሌለበት ወዲያው ያሳያል። ችግሩ መርፌን አይገዳደርም፤ እንዴትም ብትገፉት ያልፋል።

ልዩነቱ የታወቀኝ በዓል ሲደርስ ነው። ቆዳ ገዢው ሰፈር ሳይደርስ ከዘመድ ቤት የበግ ቆዳ ቆርጬ ወሰድኩ፤ ጸጉሩን ላጭቼ፣ አጥቤ፣ ጣውላ ላይ ወጠርኩት። ቆዳ ቀልድ አያውቅም። ጎባጣውን የስፌት መርፌ በጭራው (ክሩ በተያያዘበት ጫፍ) በኩል ከያዛችሁት ይጣመማል፤ ኒድል ሆልደሩ (መርፌ መያዣው መቆንጠጫ) ከሹል ጫፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ሊነክሰው ይገባል። በ90 ዲግሪ አስገብታችሁ፣ መግፋቱን ትታችሁ የእጅ አንጓችሁን ስታዞሩ መርፌው በራሱ ጉብጠት ይወጣል።

አሁን ሲምፕል ኢንተራፕትድ (እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው የሚቋጠርበት) እጄ ገብቷል። ቨርቲካል ማትረስ (ክሩ በቁስሉ ላይ ሄዶ የሚመለስበት ስፌት) ላይ ከጠርዙ ከሩቅ ወደ ሩቅ፣ ሲመለስ ከቅርብ ወደ ቅርብ የሚለውን ይዤ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ቀና ማለት ጀምሯል። ስልኬን ከላይ አቁሜ እቀርጻለሁ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቪዲዮ ላይ መደበቂያ የለውም።

ክሩ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ለታካሚ ከሚሆነው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ መርፌውን ቆጥሬ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ እከታለሁ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

የቀረኝ በግራ እጅ ብቻ መቋጠር ነው። ደረቅ ጓንት ሲሆን እሺ ይላል፤ ጓንቱን ውሃ ሳስነካው ክሩ ከጣቶቼ መሃል እያመለጠ ያስቸግራል። በዚህ የተካናችሁ ካላችሁ፣ ክሩን የምትይዙት በየትኞቹ ጣቶች ነው?