ፈረስን መሬት ላይ ከመጣላችሁ በፊት የጭንቅላት ማሰሪያውን ፍቱ

አዲስ አበባ ዙሪያ ከጋሪ ፈረስ ጋር የምትሠሩ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች፣ ይህን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው።

ሱሉልታ ላይ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አመጣልኝ። የቀኝ ታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተሰንጥቆ ገለባውን አላምጦ ይተፋዋል። ከእኔ በፊት ሌላ ክሊኒክ ወስዶት ነበር። የዚያ ክሊኒክ ኃላፊ «ማደንዘዣ ምን ያደርጋል፣ ገመድ ይበቃል» ብሎ ፈረሱን ከነጭንቅላት ማሰሪያው መሬት ላይ አስጥሎ፣ ግራ ቀኝ አገላብጦ ሲታገል ቆይቶ ጥርሱ እምቢ ሲለው ለቀቀው። እኔ ዘንድ ሲደርስ የላይኛው ከንፈሩ ወደ ግራ ተጣሟል። በካርዱ ላይ ጻፍኩት፤ ባለቤቱንም «ጋሼ፣ ይህን ከመጀመሬ በፊት ይዩልኝ» አልኩት።

ሥራው ቀላል ነበር። ፈረሱ እንደቆመ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ዛይላዚን፣ በደም ሥር፣ በኪሎ 1 ሚሊግራም ገደማ። ከዐይኑ የውጭ ጥግ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፣ የመንጋጋ ጥርሶቹን የማኘኪያ ገጽ ይዛችሁም ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት፣ በአጥንቱ የውስጥ ገጽ፣ የታች ጥርሶቹ ነርቭ ወደ መንጋጋው የሚገባበት ቀዳዳ አለ። መርፌዬን ከመንጋጋው የታች ጠርዝ አስገብቼ፣ አጥንቱን ሳልለቅ ወደ ላይ ገፋሁ። ደም አለመምጣቱን አይቼ ማደንዘዣውን፣ 2 በመቶ ሊዶኬይን፣ ሰጠሁ፤ እስኪደነዝዝ ጠብቄ ነቀልኩ። የቴታነስ መከላከያም ሰጠሁት። የምላስ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ መድኃኒቱ እስኪለቀው ምንም አላበላሁትም፤ የደነዘዘ ምላሱን ያኝካልና። በዚሁ ምክንያት ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን አላደነዝዝም።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። «ያለጥንቃቄ በተወጋ የማደንዘዣ መርፌ የፊት ነርቭ ተጎድቷል» ይላል። የጻፈው ያው ባለገመዱ ኃላፊ ነው! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጥርስና የፊት ቆዳ የሚሰማቸው በአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከንፈርን፣ አፍንጫን፣ ዐይን ሽፋንን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነው። እኔ ያደነዘዝኩት የአምስተኛውን ቅርንጫፍ፣ ከአጥንቱ በስተውስጥ ነው። የሰባተኛው የጉንጭ ቅርንጫፎች ግን በውጭ በኩል፣ በማኘኪያው ጡንቻ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ይሄዳሉ፤ በጣት ሲዳሰሱ እንኳ ይታወቃሉ። ፈረስ በጎኑ ተጥሎ የማሰሪያው ብረት ቀለበት ከጉንጩ ሥር ሲቀር፣ የጭንቅላቱ ክብደት ነርቩን ቀለበቱ ላይ ይጨፈልቀዋል።

ኃላፊውን አስጠርቼ በባለጋሪው ፊት አሳየሁት። የቀኝ ከንፈሩን በመርፌ ጫፍ ስነካው ፈረሱ ራሱን ነጠቀ፤ ስሜቱ ደኅና ነው፣ የጠፋው እንቅስቃሴው ነው። ጆሮው ቆሟል፣ ዐይኑም ይከደናል፤ ጉዳቱ ከጆሮው ሥር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይሰንፉ ነበር። እንግዲህ የተጎዳው ጉንጩ ላይ፣ ልክ ቀለበቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ካርዱንም አነበብኩለት። «መርፌ ፊት ላይ ከተወጋ ያው ነው» ብሎኝ ሄደ።

ፈረስ ለጥርስ መጣል አለበት የሚላችሁን አትስሙ። አረጋጉት፣ አደንዝዙት፣ ቆሞ ይነቀልለት። መጣል ግድ ከሆነ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ከጭንቅላቱ ሥር ወፍራም ነገር አንጥፉ። ከንፈሩ ተጣሞ ከመጣ ደግሞ ውኃ በጥልቅ ባልዲ፣ ፉርሽካ በውኃ አርሶ መስጠት ነው። ጉንጩ ውስጥ የሚጠራቀመውን መኖ ባለቤቱ በየዕለቱ ያውጣለት።

የዚህኛው ከንፈር ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ዛሬ ጋሪውን ይጎትታል። ደብዳቤው ግን አልተሻረም፤ እንዲሻር አሁንም እየጠየቅሁ ነው።