17ኛው ምት

ዛሬም ምሳ ሰዓት ላይ ጉልበቴን ስመታ ተያዝኩ። "ደግሞ ጀመረሽ?" አለችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። ጀምሮኛል። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ዛኪር ሁሴን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ታላቁ የታብላ፣ ማለትም የህንድ ከበሮ፣ ተጫዋች። አንድ ማታ ቪዲዮውን ከፍቼ ጣቶቹን እየተከተልኩ ልቆጥር ሞከርኩ። ጠፋሁ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁንም ጠፋሁ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ አንዷኑ አጭር ዜማ እየደጋገመ ይዞራል። የሰለቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሰዓቱ እሱ ነው። ዜማዋ አንዴ ዞራ ስትመለስ አንድ ዙር ሞላ ማለት ነው። ተመልካቹ ደግሞ ድንገት እኩል "ዋህ!" ይላል። ምን ሰምተው ነው? በችክችካ ያደገ ትከሻ እንዲህ ሲዋረድ ያሳፍራል።

ከታች ጀመርኩ፣ ቲንታል ከሚባለው የምት ዙር። 16 ምት ነው፣ አራት አራት ሆኖ የተከፈለ። በ1፣ በ5 እና በ13 ላይ ይጨበጨባል። 9ኛው ላይ ጭብጨባ የለም፤ መዳፍን ገልብጦ መዘርጋት ብቻ። ይህ ባዶ ቦታ ካሊ ይባላል። የመጀመሪያው ምት ደግሞ ሳም። ሁለት ቀን ሙሉ 9ኛው ላይ አጨበጨብኩ። እጄ እምቢ አለ።

የረዳኝ ጆሮዬ ነው። ታብላ ሁለት ከበሮ ነው፦ የቀኙ ቀጭን፣ የግራው ወፍራም። "ዳ" እና "ዲን" የሚባሉት ምቶች ላይ ሁለቱም ይመታሉ። "ታ" እና "ቲን" ላይ የግራው ዝም ይላል።

ዳ ዲን ዲን ዳ
ዳ ዲን ዲን ዳ
ዳ ቲን ቲን ታ
ታ ዲን ዲን ዳ

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ወፍራሙ ድምፅ የለም። 14ኛው ላይ ይመለሳል። አሁን ቁጥሩ ቢጠፋብኝም ወፍራሙ ሲጠፋ ግማሹን እንዳለፍኩ አውቃለሁ።

ከዚያ ቲሃይ መጣ። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ይደገምና የሦስተኛው መጨረሻ ልክ ሳም ላይ ያርፋል። እኔም ከ9ኛው ምት ተነስቼ "ተ ተ ዳ" ሦስቴ ልል አልኩ። ከ9 እስከ 16 ያለው ስምንት ምት ነው። ሦስት ጊዜ ሦስት ደግሞ ዘጠኝ። አንድ ተረፈኝ። ወረቀት አወጣሁ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ተናደድኩ። ምድጃው ላይ የጣድኩት ሽንኩርት አረረ።

ድስቱን እየፈገፈግኩ ነው የገባኝ። የተረፈችኝ አንዷ ራሷ ሳም ናት! እኔ 16 ላይ ልዘጋው ስታገል እነሱ 17ኛው ላይ ነው የሚዘጉት፤ 17ኛው ደግሞ የሚቀጥለው ዙር 1 ነው። ሰው "ዋህ!" የሚለው እዚያች ላይ ነበር። ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩ። ሲያርፍ ቀድሜ አወቅኩበትና ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ጮኽኩ።

ትናንት በጥጋብ ሩፓክ ወደሚባለው ሌላ የምት ዙር ሄድኩ። 7 ምት ብቻ ነው፣ 3፣ 2፣ 2። ቀላል ይመስላል አይደል? ሳሙ ራሱ ካሊ ነው። ዙሩ በባዶ እጅ ይጀምራል። ገና ከመነሻው አጨበጨብኩ።