ማህፀኔ የጠነከረበት ሌሊት

ድኜ ብነሣ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ለሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበርና፣ ይህን የምጽፈው ስለቴን ለማድረስ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የሰባት ወር ፅንስ ሳለች አጣኋት፤ በዚያው ሰሞን ግራ እግሬ አብጦ ስመረመር ደም ሥሬ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። አልደብቅም፣ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። በባጃጅ በደጁ ስናልፍ ባለቤቴ ሲያማትብ፣ እኔ ዓመት ሙሉ ፊቴን ወደ ሐይቁ መንገድ አዞር ነበር። ሁለተኛውን ከፀነስኩ በኋላ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ኢኖክሳፓሪን በየቀኑ ሆዴ ላይ እየተወጋሁ ወራቱ አለፉ።

ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ 24 ሰዓት ሲቀረው መርፌው ተቋረጠ፤ ልጄም በሰላም ተወለደ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ግን ከሥሬ ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። አዋላጇ አንሶላውን ገልጣ አየችና፣ ምንም ሳትናገር እምብርቴ አካባቢ በመዳፏ ታሸው ጀመር፤ ቁስሉ ትኩስ ነበርና ጮህኩ። ማህፀን ከወሊድ በኋላ ተኮማትሮ ካልጠነከረ፣ የእንግዴ ልጁ ተጣብቆበት በነበረው ቦታ ያሉት ደም ሥሮች አይዘጉም፤ የእኔው እንደ ሊጥ ልል ብሎ ቀረ። ማህፀን የሚያኮማትሩት መድኃኒቶች፣ ኦክሲቶሲን በደም ሥሬ፣ ሚሶፕሮስቶል ከምላሴ ሥር ተሰጡኝ። ወንድሜ (ዕድሜውን ያርዝምልኝ) ደም ሊሰጥ ሮጠ፤ እናቴ ኮሪደሩ ላይ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ስትል ይሰማኛል። ሐኪሙ ለባለቤቴ የሚፈረም ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ ደሙ ካልቆመ ማህፀኔን ማውጣት ግድ እንደሚሆን ነገረው።

ደሜ ቢረጋም ሞት፣ ቢፈስም ሞት ሆነብኝ። «የመጀመሪያዋን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ የነበረችበትን ቤት ልታፈርስ ነው?» አልኩት፤ ለጸሎት የቀረኝ ቃል ይኸው ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የጌታን ልብስ ነክታ ዳነች፤ እኔ የምነካው አጥቼ የአዋላጇን ጋውን ጨብጬ ያዝኩ። እርሷም አልተቆጣችም፤ በአንድ እጇ እያሸች በሌላው ግንባሬን ታብስልኝ ነበር። ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ወስዳ ሆዴ ላይ አኖረችውና «እስቲ ንኪው እህቴ» አለችኝ። ያልበሰለ ፓፓያ ይመስል ጠንክሮ ነበር። ደሙ ቆመ፤ ወረቀቱም ሳይፈረምበት ተመለሰ።

ደሙ በእርግጥ መቆሙ ከታየ በኋላ መርፌው እንደገና ሲጀመር እንዲተዉኝ ለመንኳቸው፤ ሐኪሙ ግን የአራስ ደም ለመርጋት ስለሚፈጥን እስከ ስድስት ሳምንት መቀጠል እንዳለብኝ በትዕግሥት አስረዳኝ። እምብርቴ ጋ የነበረው ማህፀኔ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እየወረደ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በእጅ ቢፈለግ የማይገኝ ሆነ፤ በ42ኛው ቀን በአልትራሳውንድ ሲታይም ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመልሷል።

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ልጄ በዐርባ ቀኑ በቅዱስ ገብርኤል ክርስትና ሲነሣ፣ ፊቴን አዞርበት በነበረው ደጅ አቅፌው ገባሁ፤ ሁለት መርፌዎች ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።