ያደርንበት አፕግሬድ

ላፕቶፔን የዘጋሁት ሊነጋ ሲል ነው። የመጨረሻዎቹን ሰርቨሮች ከፒኤችፒ (ድረ ገጾች የሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) 7.4 ወደ 8 ስናሻግር አደርን። 7.4 የደህንነት ማስተካከያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት ከዋናው ፕሮጀክት የሚደፍንለት የለም። የደንበኞቻችን ሳይቶች እዚያ ላይ ተቀምጠው እኔን እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ባክአፕ ወሰድን። ወስደን ዝም አላልንም፣ ሌላ ማሽን ላይ መልሰን ጭነን ሞከርነው። መልሶ ያልተጫነ ባክአፕ ለእኔ እንደሌለ ነው።

አብዛኞቹ ሳይቶች ሳያንገራግሩ ተነሱ። አንዱ ግን አስጨነቀን። ስህተት አያሳይም። ሎጉ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ንጹህ ነው። የትዕዛዝ ገጹ ግን ባዶ! አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ለካ ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር ዜሮን ከአንድ ቃል ጋር በሁለት የእኩል ምልክት ታነጻጽራለች። የድሮው ፒኤችፒ «እኩል ናቸው» ይል ነበር፤ 8 «አይደሉም» ይላል። ሁለቱም ሳያጉረመርሙ ያልፋሉ፤ መልሱ ብቻ ይገለበጣል። እንዲህ ዓይነቱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ጮክ ብሎ የሚወድቀውማ ቶሎ ይገኛል።

የሳይቱን ዴቨሎፐር በእኩለ ሌሊት ቀሰቀስነው። አልተቆጣም። «ቆይ፣ አብረን እንየው» አለና እስኪስተካከል ድረስ ከስልኩ አልወረደም። ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ለቀጣዩ ዙር እንዲህ ያሉ መስመሮችን ቀድሞ የሚለቅም ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) መጻፍ ጀምሬያለሁ። ውጤቱን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዙሩ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድመን እንልካለን። አሁን ትንሽ ጋደም ልበል።