ነሐሴ 30 የተወለዱት ደንበኞች

«ፎቶው ነው። ፎቶው ከብዶ ነው።» የቡድን መሪያችን ይህን ያለኝ ወንበሩን እንኳን ወደ እኔ ሳያዞር ነበር።

ሥራው የአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የደንበኛ ምዝገባ ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኛዋ የመታወቂያውን ፎቶና የደንበኛውን ዝርዝር በአንድ ቅጽ ትልካለች፤ ስፕሪንግ የሚባለው የጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ) ማዕቀፍ ፎቶውንና ጽሑፉን በአንድ ላይ (በመልቲፓርት) ተቀብሎ እያንዳንዱን ክፍል ወደየዓይነቱ ይለውጣል። አልፎ አልፎ ግን 400፣ ማለትም «የተላከው ጥያቄ ልክ አይደለም» የሚለው የስህተት ኮድ፣ ይመለሳል፤ ስክሪኑም «ፋይሉን መጫን አልተቻለም» ይላል። ታዘዝኩና የፋይሉን ጣሪያ ከ1 ሜጋባይት ወደ 10 አሳደግሁ። ስህተቱ አልተነቃነቀም። የወደቀው ፎቶ 340 ኪሎባይት ብቻ እንደሆነ ሳሳየው «እንግዲያው ኔትዎርኩ ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ያንን መልእክት የጻፍኩት እኔው ነኝ። የመጣውን ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙ የሚወረውረውን ስህተት) ሁሉ አንድ ቦታ ይዤ፣ ምክንያቱን ዋጥ አድርጌ፣ ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር እመልስ ነበር። በራሴ ኮምፒውተር ደግሞ አንድም ቀን አልወደቀብኝም። የሙከራ ደንበኛዬ የሚወለደው ሁልጊዜ ጥር 1 ቀን ነው።

በሳምንቱ ወደ ቅርንጫፉ ደወልኩ።

«እህቴ፣ የትኛው ደንበኛ ነው የሚያስቸግራችሁ?»

«ደንበኛው ምን አደረገ ወንድሜ? ሲስተሙ ጳጉሜን አይወድም እንጂ።»

ዝም አልኩ።

«ጳጉሜ የተወለደውን ነሐሴ 30 እንለዋለን። ጥቅምት 30 ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 28።»

«29 እያለ ለምን 28?»

«29ማ እንደ ሰውየው ዕድል ነው። አንዳንዱን ይቀበለዋል፣ አንዳንዱን ይመልሰዋል።»

እኔ ሳምንት ሙሉ ሎግ (የሲስተሙን መዝገብ) ሳገላብጥ የከረምኩበትን እሷ በወረቀት ጽፋ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ ለጥፋዋለች።

የወር መምረጫው ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13 ስሞች አሉት፤ ወደ እኔ የሚደርሰው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው። ጥቅምት 02 ሆኖ ይመጣና ሎካልዴት (የጃቫ የቀን ዓይነት) ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያነበዋል። ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም፤ 29ም የሚያገኘው በየ4 ዓመቱ ነው። የሰውየው ዕድል ያለችው ይህን ነው። 13ኛ ወር ሲመጣለትማ ጃቫ ጭራሽ አያውቀውም፤ ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ይጥለዋል። መምረጫውን የሠራው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ወንበሩን የማያዞር ሰው ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ወደቁት ሳስብ ያለፉት ትዝ አሉኝ። ጠዋት በወሩ 31ኛ ቀን የተወለደ ደንበኛ ፈለግሁ። ከሰንጠረዡ ሁሉ አንድም የለም። እስከዚያ ቀን የተመዘገበው ሰው በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ገብቶ እንደ ፈረንጅ ቀን ተቀምጧል። በ2015 ዓ.ም. 55 ዓመት የሞላቸው ሴት በሲስተማችን ስሌት 63 ነበሩ፤ የብድሩ የዕድሜ ጣሪያ ደግሞ 60። ያ ሁሉ ጥያቄ ያለ አንዳች ስህተት፣ በ200፣ «ተሳክቷል» በሚለው ኮድ፣ አልፏል። ለእውነቱ የቆሙት እነዚያ ስንጠላቸው የነበሩት 400ዎች ብቻ ናቸው።

ማስተካከያው 20 መስመር አልሞላም። ጃቫ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የእኛን ትቶታል፤ ስሪ-ቴን ኤክስትራ (ThreeTen-Extra) የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ግን አለው። ቀኑን የሚቀበል ኮንቨርተር (ለዋጭ) ጻፍኩ፤ ጳጉሜ በሰላም ገባች። የድሮዎቹንም በአንድ ሌሊት ለወጥኳቸው።

ነሐሴ 30 ላይ ተያዝኩ። ማን እውነተኛ የነሐሴ ልጅ፣ ማን ከጳጉሜ የተሰደደ እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግርም። ጥቅምት 28ም እንደዚሁ። መልሼ ደወልኩላት።

«የልደት ቀኑ መታወቂያው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ፎቶውን ልከንላችሁ የለ?» አለችኝ።

ተቀምጬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ግማሹ ደብዛዛ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የሠራተኛዋ አውራ ጣት ዓመተ ምሕረቱን ሸፍኖታል። አርባኛው ላይ ስደርስ የቡድን መሪያችን ቡናውን ይዞ ከኋላዬ ቆመ፤ ስክሪኔን ተመለከተ።

«ፎቶው ነው አላልኩህም?»