ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገቡን ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ እንዳዛውር ቀጠረኝ። ፋይሉ በየወሩ ለብቻ ነው። ኃይሉ የሚለው ስም ብቻ አንዴ በ«ኃ»፣ አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ በ«ሐ» ተጽፏል። ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት።

ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከዚያ ስምና የአባት ስም የገጠመውን ሁሉ በአንድ አባል ሥር ሰበሰብኩ። የአባላቱ ቁጥር ቀነሰ። መዝገቡ የጠራ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቀኖቹ ላይ ዳታቤዙ ራሱ ጮኸልኝ። ጥቅምት 30ን፣ ማለትም የ2ኛውን ወር 30ኛ ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አይቶ አልቀበልም አለ። 13ኛ ወር ሲያይማ ጭራሽ! ስሞቹ ላይ ግን ዝም አለ።

መስከረም ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለልጆቿ መመዝገቢያ ገንዘብ ልታወጣ መጣች። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላለች። ስሟን ስናስገባ ሲስተሙ «ያልተከፈለ ብድር አለ» አለ።

«ኧረ እኔ ተበድሬ አላውቅም!» አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሒሳብ ክፍሉን ጋሼ ጠራኋቸው። ስክሪኑን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ፣ እሷኮ በንጉሡ ሠ ናት። በእሳቱ ሰ የምትጻፈው የመዝገብ ቤቷ ሰናይት ናት። የአባታቸውም ስም አንድ ስለሆነ እንዳይምታቱብኝ እኔ ነኝ የለየኋቸው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ ጋሼ?»

«አልጠየቅከኝማ።»

እውነታቸውን ነው። ፋይሉን አገላብጬ አየሁ እንጂ ለዓመታት ሲሞሉት የኖሩትን ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላናገርኩም። እኔ የአጻጻፍ ስህተት ነው ብዬ ያጠፋሁት እሳቸው አስበው ያስቀመጡት መለያ ነበር።

ገንዘቧን በደብተሯ መሠረት የዚያኑ ቀን ከፈሏት። ይቅርታ ስጠይቃት «ብድር የለብኝም አይደል?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

አሮጌዎቹን ፋይሎች ስላልነካኋቸው ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ደብተሮቹ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የአባል ቁጥር አለ፤ ኤክሴሉ ውስጥ ግን ማንም አላስገባውም። መለያው እሱ ሆነ። ስሙ እንደተጻፈው ቀረ፣ ፊደሉ የተስተካከለው ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ሌላ ዓምድ ውስጥ ገባ። ጋሼ አጠገቤ ወንበር ስበው ዝርዝሩን አንድ በአንድ አዩልኝ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሌሎች አራት ጥንዶች አገኙ።