ቆጣቢ ነኝ የሚልን ተመራጭ በምን እንመዝነው?

ሰኔ የምክር ቤት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ለውይይት የሚቀርበው በዚሁ ሰሞን ነው። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ ባሕር ዳር፣ እጁን አውጥቶ «የመንግሥት ብክነት በዛ» የሚል ተመራጭ አይጠፋም። ንግግሩ በየስልኩ ይዞራል፤ «ጎሽ፣ የልባችንን ተናገረልን» ይባላል። ይናገር፣ ክፋት የለውም። ሰውየውን ለመመዘን ግን ከንግግሩ ይልቅ የጠራውን የሂሳብ መደብ ማየት ይሻላል።

በመንግሥት ሂሳብ እያንዳንዱ ወጪ የራሱ ቁጥር አለው። ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231፣ መስተንግዶ 6233፣ የተሽከርካሪ ጥገና 6241፣ የማሽነሪ ጥገና 6243፣ የአገር ውስጥ ሥልጠና 6271፣ የተሽከርካሪ ግዥ 6311 ነው። «ብክነት አለ» ብሎ ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደሆነ ያልነገረን ሰው ገና ምንም አልነገረንም። 6233ን መንቀፍ ለማንም ቀላል ነው፤ ምሳው፣ አበባው፣ የታሸገው ውሃ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሆኖም መስተንግዶ ከአንድ ቢሮ ጠቅላላ ወጪ ትንሿ ናት። ወረዳ ስትወርዱ ደግሞ አብዛኛው በጀት ደመወዝ ነው፤ ከሥራ ማስኬጃው ላይ ልቁረጥ የሚል ሰው የሚያገኘው የጠመኔና የወረቀት ገንዘብ ነው።

የአሜሪካው ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር የዚህ ዓይነቱ ተመራጭ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዊስኮንሲን ተወካይ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1975 እስከ 1988 ገንዘብ አባከነ ላለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በየወሩ የፌዝ ሽልማት ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ተሸላሚ ሰው ለምን ፍቅር እንደሚይዘው ለሚያጠና ምርምር 84,000 ዶላር የሰጠው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። አገር ሳቀ። ቁጠባውን በራሱም ላይ ያሳየ ሰው ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት የምርጫ ዘመቻዎቹ ያወጣው እያንዳንዳቸው ከ200 ዶላር በታች ነበር። ዊስኮንሲን ግን የወተት አገር ናት፤ ለወተት አምራቾች የሚሰጠው የመንግሥት የዋጋ ድጎማ ሲነሳ ፕሮክስማየር ከደጋፊዎቹ ወገን ነበር። 84,000 ዶላር ያስቃል፤ የወተቱ ድጎማ ግን ስንት እጥፍ እንደሆነ አስቡት።

የእኛው ቤት ወተት አስፋልት ነው። ጠዋት ስለ ብክነት የተናገረ ተመራጭ ከሰዓት በኋላ «የመራጮቼ የመንገድ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም» ይላል። መንገድ መጠየቅ ነውር የለውም፣ የተላከበትም ጉዳይ ነው። ግን የአዋጭነት ጥናቱን፣ በቀን የሚያልፈውን ተሽከርካሪ፣ ከማን መንገድ በፊት መሠራት እንዳለበት አብሮ ካላቀረበ፣ ቁጠባው ለሌላው ወረዳ ብቻ የተዘጋጀ ነው።

ወደ ጣና ሐይቅ እንምጣ፤ እውነተኛው ፈተና ያለው እዚያ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። እስቲ አስሉት። 10 ሄክታር አረም ገንዘብ ተቆርጦበት 10 ሳምንት ሳይነካ ቢቆይ አምስት ጊዜ ይታጠፋል፤ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320 ሄክታር። ብርዱ፣ ነፋሱና የውሃው ከፍታ ስለሚገቱት ሐይቁ ላይ ልክ እንደ ወረቀቱ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ የእምቦጭን ወጪ «በየዓመቱ የምንሰማው ተመሳሳይ ዘመቻ» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ቆጣቢ አይባልም፤ ዕዳውን ነው ለከርሞ ያሻገረው።

ዝም ብሎ የሚያጸድቀውም ከዚያ አይሻልም። ማጨጃ ማሽን ሲገዛ ፎቶው ያምራል። ማሽኑ ግን በየቀኑ ነዳጅ፣ የሠለጠነ ኦፕሬተር፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መለዋወጫ፣ የታጨደውን የሚጭን መኪና ይፈልጋል። ግዥው በካፒታል በጀት 6313 ላይ ይያዛል፤ ጥገናውና ነዳጁ በመደበኛው 6243 እና 6217 ላይ ነው። ሁለቱን በጀት የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ማሽኑ ይመጣና የመጀመሪያዋ የሃይድሮሊክ ቱቦ ስትፈነዳ ዳር ላይ ይቆማል። ከዚያ ሥራው ተመልሶ በገበሬው እጅ ይወድቃል። የታጨደው አረም ከውሃው አፋፍ ላይ ከተከመረ ደግሞ፣ ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ማዕበሉ መልሶ ይወስደዋል፤ የተከፈለውም የቀን ሠራተኛ አበል አብሮት ይሄዳል። ሁነኛ ተመራጭ እዚህ ጋ የሚጠይቀው አጭር ነው፦ «ለዚህ ማሽን የሦስት ዓመት መለዋወጫና ነዳጅ የተያዘው በየትኛው መደብ ነው? የታጨደው የሚራገፈው ከውሃው ስንት ሜትር ርቆ ነው?» መልስ ካጣ ይቃወም፤ ያን ጊዜ ተቃውሞው ያስከብረዋል።

የሰኔ ግዥ ሌላው ነው። ያልተሠራበት በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ቢሮው ገንዘቡ ተመላሽ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይቀንሱብኛል ብሎ ስለሚሰጋ፣ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ግዥ በሦስት ሳምንት ይነቃል። በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ያ ሁሉ ሥልጠና በአንድ ወር የሚደረደረውም ለዚህ ነው። ጨረታ ለማውጣት ጊዜ ስለሌለ አንዱ ግዥ ለሦስት ለአራት ተቆራርጦ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ ዋጋ በመጠየቅ ብቻ፣ ያልፋል። ሦስቱን ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው፤ የፊደል ግድፈቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ሦስት ነጋዴ ተወዳድሯል ለማለት ይከብዳል። ዕቃው ሐምሌ አጋማሽ ይደርሳል፣ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ ሞዴል 19 ግን የሚቆረጠው በሰኔ 30 ቀን ነው። ይህን የሚያውቅ ተመራጭ ሰኔ ላይ አይጮህም፤ ሚያዝያ ላይ የዘጠኝ ወሩን ሪፖርት ይዞ «እስከ መጋቢት 40 በመቶ ብቻ የተጠቀማችሁ፣ የቀረውን 60 በምን ልትጨርሱት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ኦዲቱ ላይ አጠር ላድርገው። ኦዲተሩ ከአራት አስተያየት አንዱን ይሰጣል፦ ነቀፌታ የሌለበት፣ ነቀፌታ ያለበት፣ ተቃራኒ፣ ወይም አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት። የመጨረሻው ከሁሉም የባሰ ነው ባይ ነኝ፤ ሂሳቡን ለማጣራት የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነውና። በፌዴራል ደረጃ ይህን የሚከታተለው የመንግሥት ወጪ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት በ2014 ዓ.ም. ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሰጠቱ ጥሩ ልማድ ነበር። ተመራጩን የሚለየው ግን ሪፖርቱ ሲነበብ መቆጣቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሳይሰበሰብ የቀረው ሂሳብ ዘንድሮም በዚያው መሥሪያ ቤት ስም ሲመጣ ሁለቱን ሪፖርት አጠገብ ለአጠገብ ይዞ መገኘቱ ነው።

«በጀቱ በእጥፍ አደገ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ» የሚለውንም በጥንቃቄ ስሙት። የ2017 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በኅዳር ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ነው። በመካከሉ ግን በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተቀይሮ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጥቷል። መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ በዶላር የሚመጣ አገር ውስጥ የብሩን ቁጥር ብቻ ይዞ መንግሥት አበጠ የሚል ሰው፣ ወይ አላሰላም ወይ እንዳናሰላ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለማጣራት የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የፌዴራሉ በጀት በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉ ደግሞ የአማራ ክልል ሕጎች በሚታተሙበት በዝክረ ሕግ ይወጣል። የወረዳችሁና የክፍለ ከተማችሁ በጀት ደግሞ ቀለል ባለ ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ የጤና ጣቢያውና የትምህርት ቤቱ ድርሻ ተለይቶ። ሰሌዳው ላይ የ2014ቱ ሠንጠረዥ ፀሐይ በልቶት ተንጠልጥሎ ካገኛችሁት ፎቶ አንሱና ለቆጣቢው ተመራጭ ላኩለት። ወረቀት ማስለጠፍ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እንይ።